ነጥብ ሁለት

ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢው ጓሮ፣ መስኮቷ ጠባብ ክፍል አለች፤
ውጭ የጮቄ ብርድ ሲገርፍ እሷ በማሽን ትሞቃለች።
ሃያ አራት አይጦች አሉኝ፤ ነጫጭ፣ ዓይናቸው ቀይ ዶቃ፣
ቁልፉ ቀጭ ሲል ከሰጋቱራው ሥር አንዱ ብድግ፣ ሌላው ነቃ።
ስም አንሰጥም፣ ደንቡ ነው፤ ጅራታቸው ላይ በቀለም
ቁጥር አለ።
ቁጥር ሲታመም ያየ የለም።

ሰኞ ለት አሥራ ሁለቱን ወጋሁ፣ ከጉንጭ ሥር፣ ከማኘኪያው ጡንቻ፤
ኮምጣጣ ውሃ፣ የዕንባ ዘለላ የማታህል፣ አንዲት ጠብታ ብቻ።
በአምስተኛው ቀን ደገምኩ።
ከዚያ ወዲያ መርፌ አልነካቸውም፤
ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣
ሥጋው ረስቷል፤ ነርቩ ግን አልረሳም።
የቀሩት አሥራ ሁለት ጨው ያለው ውሃ ብቻ ተወጉ፣
ለማነጻጸሪያ። ጨው አያሳምምም ይላል ወጉ።

ከዚያ ሥራዬ ማየት ነው፤
በቀጭን የናይለን ክር ጉንጫቸውን ጫን፣ ጫን፣
በስንት ግራም እንደሸሹ መጻፍ፣
የተረፈ መኖአቸውን መመዘን፣
ጠንካራውን እንክብል ትታ ፍርፋሪ የምትለቅመውን መለየት።
ፊትም አነባለሁ፤ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ አለ፦
ዓይን ሲጠብ፣ ጆሮ ሲታጠፍ፣ ጉንጭ ጠፍጠፍ ሲል፣
ምንም ከሌለ ዜሮ፣ ትንሽ ካለ አንድ፣ ከጎላ ሁለት።
አይጥ ፊቷን አትሸሽግም፤
«ደህና ነኝ» ማለትን አልተማረችም ከእናት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲባል ነው ያደግነው፤
እዚህ ቤት ተረቱ ዞሯል፦
ሰው ታመመ፤ የምትመታዋ አይጥ ናት፤ ዳዋው እንኳ አርፏል።
«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባል የለ?
ድንቢጧ እኔ ነኝ፣ ነጭ ጋውን የለበስኩ፤
ወጊዋም እኔ፣ መስካሪዋም እኔ፣
ባንድ እጄ መርፌ፣ ባንድ እጄ እስክሪብቶ እንደያዝኩ።
በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ምን እንደሚጠብቃቸው
እኔ አውቃለሁ፤ ደግነቱ እነሱ አያውቁም።
ደግነቱ ለማን?

ቅዳሜ ሉማሜ ወረድኩ።
እናቴ አንጓች ጨው ሻጭ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ገበያ፣
በአንድ ሸራ፣ በአንድ የቆርቆሮ መስፈሪያ።
ወንድሜ ይበልጣል የሽምብራ ቆሎ ዘገነላት፤
አንዷን ፍሬ ከምላሷ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ ምላሷ ስትገፋት፣
ሰው ያላየ መስሏት ወደ መዳፏ ስትመልሳት
አየኋት።
ክር አልያዝኩም። ሚዛን አልያዝኩም።

ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ ጥርሷን ሰማሁት ሲፋጭ፣
እህል የሌለበት ወፍጮ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲፈጭ።
«ጥርሷን ነክሳ አሳደገቻቸው» ይላል አገሩ ሲያመሰግናት፤
እኛም የአነጋገር ማሳመሪያ መስሎን ኖርን፤
ለካ ቃል በቃል ኖሯል፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየሌሊት።
የስልኬን መብራት ወደ ግድግዳው አዙሬ ፊቷን አነበብኩት።
ዓይን ጠቧል። ጉንጭ ጠንክሯል።
ሁለት።
ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት
«ደህና፣ ይመስገን» አለችኝ፤ ይህን የተማረችው ከእናት።

ሰኞ ተመልሼ መዝገቡ ፊት ተቀመጥኩ።
አይጦቼ አምስት ሳምንት ታመሙ፤
ግን ለደብተር፣ ለዩኒፎርም አልተበደሩም፣
ደመና ሲያጉረመርም ጨዋቸው እንዳይሟሟ ሸራ ይዘው አልሮጡም፤
ጡንቻዋን መሰሉልኝ፣
ኑሮዋን አልመሰሉም።
ይህን የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደምጽፈው አላወቅሁም።

ቁጥር አሥራ ሰባት ጠንካራውን እንክብል አሸተተች፣ ተወችው፣
ዞር ብላ ደግሞ አሸተተች።
መዘገብኩ። ለእናቴም ደወልኩ።
«መንጋጋሽን ፈታ አድርጊው፣ ስትተኚ ጥርስሽን አትንከሺው» ብላት
ሳቀች።
ለሳቅ ነጥብ የለውም ሠንጠረዡ።
«እሱን ከለቀቅኩት ልጄ» አለች፣
«ቤቱን ምን ይዞት ሊቆም?»